እሑድ የታየ ቤት

ጥጋቡ የኢስሐቅን እጅ የሰበረው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ መርካቶ ጭድ ተራ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ከኋላ ሆነው ያላዩት እንኳ ድምፁን ሰምተዋል።

ጥጋቡ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ያውም አለቃ። ከቆርቆሮ ሻጮቹ ጥግ አንስቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መንገድ የሱና የአሥራ አንድ ባልደረቦቹ ነው። እዚያ የቆመ መኪና ላይ ያለ ዕቃ፣ የማንም ይሁን የማን፣ በእነሱ ትከሻ ካልሆነ መሬት አይነካም። ማን ያወጣው ሕግ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥጋቡ አለቅነቱን የያዘው ከሱ በፊት የነበረውን አለቃ ሁለት ጥርስ አውልቆ ነው፤ ያኛውም ቢሆን በምርጫ አልተሾመም።

ኢስሐቅ ይህን አያውቅም። ከወልቂጤ መጥቶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከተከራየ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሦስት ካርቶን ሳህን በትንሽ መኪና አስጭኖ መጣና፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን አቅፎ ወረደ።

«ወንድም፣ መልሰህ አስቀምጠው» አለው አሸብር፣ ከጥጋቡ ጎን የማይጠፋው ባልደረባው። «ይሄ የኛ ሥራ ነው።»

«የገዛ ዕቃዬ ነው እኮ» አለ ኢስሐቅ ፈገግ ብሎ። «በገዛ ጉልበቴ ባወርደው ማንን ነካሁ?»

ነገሩን ያበላሸው ፈገግታው ነው። ጥጋቡ ሥራ ላይ ሆኖ ፈገግ የሚልበትን ሰው አይወድም፤ የናቀው ይመስለዋል። ጆንያ የሚስብበት የብረት መንጠቆ ሁልጊዜ ቀበቶው ላይ ነው። መዘዘና ካርቶኑን ያቀፈውን እጅ በመንጠቆው ጀርባ አንዴ አሳረፈበት። አጥንቱ ቋ አለ። ካርቶኑ ወደቀ፣ ሳህኑ ተንኮታኮተ። ኢስሐቅ የተሰበረ እጁን በደህናው ደግፎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጥጋቡ በቴስታ ደገመው። ሰውየው ስብርባሪው ላይ ተዘረረ። ያኔ መተው ይቻል ነበር። ጥጋቡ ግን አልተወም፤ ጎኑን በእርግጫ፣ እንደገና በእርግጫ፣ አሸብር በስንት መከራ ከኋላ አንቆ እስኪጎትተው ድረስ።

ቀና ሲል ሴት ልጁን አያት።

ሩሀማ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚያን ቀን መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው በጊዜ ተለቃ፣ እናቷ እታለም ወደ ቤት እየወሰደቻት ነበር። እታለም የሦስት ዓመቱን ኪዱን አዝላ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ደርቃ ቀርታለች። ሩሀማ ግን የእናቷን እጅ ለቀቀች። የሳህኑን ስባሪ እየዘለለች መጣችና፣ ከጥጋቡ እጅ አምልጦ የወደቀውን መንጠቆ አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ ጣልከው እኮ።»

እውነቱን መናገር ካለብን ጥጋቡ በዚያች ቅጽበት ደስ አለው። ኮራባት። ባልደረቦቹም «የአባቷ ልጅ!» ብለው ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ኢስሐቅ እግራቸው ሥር እያቃሰተ ነበር።

መልሱ ለመምጣት ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ሐሙስ ዕለት የኢስሐቅ ወንድሞችና ያገሩ ልጆች ፌሮ ይዘው ጭድ ተራ ገቡ። ባለሱቆቹ በራቸውን ወለል ድረስ አወረዱ። ጥጋቡ ሁለት ሰው ጣለ፤ ሦስተኛው ጀርባውን በፌሮ አገኘውና ትንፋሹ ተቋረጠ። የአሸብር ጆሮ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ልጅ ጥርሶቹን መዳፉ ላይ ይዞ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት፣ መንገዱ መሐል ተቀምጦ ነበር። ፖሊስ ደርሶ ፊሽካ ሲነፋ መሬቱ ላይ የቀረው ደምና ጫማ ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ ደግሞ ከራጉኤል ጀርባ ባለችው የቀበሌ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ድንጋይ ዘነበ። አንዱ በመስኮት ገብቶ ኪዱ ከተኛበት ትራስ አንድ ስንዝር ርቆ አረፈ። እታለም ድንጋዩን አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድንጋዩ እዚያው ሰነበተ፤ ምሳም እራትም አጠገቡ ነው የሚቀርበው። ጥጋቡ እየጎረሰ ያየዋል።

እታለም የተናገረችው በሚቀጥለው ሰኞ፣ የሩሀማ መምህርት ሸዋርካብሽ ካስጠራቻት በኋላ ነው። ሩሀማ እርሳሷን የወሰደባትን ልጅ እጁን ዴስኩ ላይ አስደግፋ በማስመሪያ ጠርዝ ቀጥቅጣዋለች፤ ሁለት ጣቱ አብጧል።

«መምታቷ አይደለም የገረመኝ፤ ልጆች ይማታሉ» ብላታለች መምህርቷ። «ግን አልተናደደችም። ስቀጣትም አላለቀሰችም። ‹እርሳሱ የኔ ነው፣ ሕጉ ነው› አለችኝ፤ በቃ።»

እታለም ይህን ለባሏ ስትነግረው የምታየው ድንጋዩን ነው።

«ጥጋቡ፣ አንተን ማን እንደሆንክ አውቄ ነው ያገባሁህ። አላማርርም። ልጄ ግን አንተን እየሆነች ነው። ከዚህ ካላወጣሃት ሁለቱንም ይዤ እወጣለሁ፤ የት እንደገባን እንኳ አታውቅም።»

ጥጋቡ ቱግ ሊል ነበር። አፉን ሲከፍት ሩሀማን አያት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለኪዱ ጡጫ እያስተማረች ነው። ሕፃኑ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ጨብጦ ስለነበር፣ አውጥታ ከላይ አስተካከለችለት፤ ወደ ውስጥ ጨብጦ የሚመታ ሰው ጣቱን ይሰብራል። ልክ ነበረች። እሱ ያስተማራት ነገር አልነበረም፤ አይታ ነው ያወቀችው። በሕይወቱ ፌሮ ፈርቶ አያውቅም፣ ያቺን ትንሽ ጡጫ ግን ፈራ።

«እሺ» አለ። «ቤት እንፈልግ።»

ሰው ለልጆቹ ሰፈር ሲመርጥ ውሃ ይመጣል ወይ ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ይቀርባል ወይ፣ ታክሲ አለ ወይ ይላል። እታለም ይህን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ጥጋቡ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ድንጋይ። የሰፈሩ መግቢያ ላይ፣ የሚመጣ መኪና ከሩቅ በሚታይበት ቦታ፣ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሱ ሦስት አራት ድንጋዮች ካሉ እዚያ ጫኝና አውራጅ አለ ማለት ነው። ራሱ ወጣትነቱን የፈጀው እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ስለሆነ አይሳሳትም። አውራጅ ባለበት ጠብ አለ፣ ጠብ ባለበት ደግሞ ሩሀማ ዳር ቆማ ታያለች። ሂሳቡ ለሱ ይኸው ነበር።

የሚወጡት እሑድ እሑድ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጥጋቡ ሥራ ላይ ነውና። መጀመሪያ ጀሞ ሄዱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባበት ቤት ነበር፤ እታለም ገና መስኮቱን ከታች ስታየው ወደደችው። ጥጋቡ ግን መታጠፊያው ላይ አራት ድንጋይ ስላየ ደረጃውን እንኳ ሳይረግጥ ዞረ። ደላላው ተከትሎ፣ «ሰውዬ፣ ያለ ምክንያት አልፈልግም ማለት ምንድነው? ቀልድ ነው?» እያለ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው፣ ጥጋቡ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የደላላው ዓይን ተጎልጉሎ ሊወጣ ደረሰ።

«ልጅቷ!» ብላ ጮኸች እታለም።

ለቀቀው። ወደ ሩሀማ ዞረ። ሩሀማ ጎንበስ ብላ የደላላው እግር ከመሬት መነሳት አለመነሳቱን እያየች ነበር።

በሁለተኛው እሑድ በሄዱበት አያት ሰፈር ደግሞ ድንጋዮቹ አምስት ነበሩ። በሦስተኛው እሑድ ከከተማው ጫፍ፣ ሦስት ዛፍ የሚባል ሰፈር ደረሱ። ጥጋቡ መግቢያውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ድንጋይ የለም። አንድ የተዘጋ ሻይ ቤት፣ ገደል አፋፍ ላይ የበቀሉ ባሕር ዛፎች፣ የታሰረች ጥጃ፤ በቃ። የሚከራየው ሁለት ክፍል ያለው እትዬ አመተ ሥላሴ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ሰፈር ጫኝና አውራጅ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉት። «እኔ ከገባሁ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃ አውርጄ አላውቅ። እዚህ ጩኸት ከሰማህ የኔ ዶሮ ናት።»

ዶሮዋም እንደተጠራች ሁሉ ከጓዳ ወጣች። ሩሀማ ተከተለቻት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረው ሲያበቁ ልጅቷ ተደናቅፋ ጭቃ ላይ ተቀመጠችና ከት ብላ ሳቀች። ጥጋቡና እታለም ተያዩ። እንዲህ ስትስቅ የሰሙት መቼ እንደነበር ሁለቱም ማስታወስ አቃታቸው።

«እዚሁ ነው» አለ ጥጋቡ። ሌላ ነገር አልጠየቀም፣ በሥራ ቀን ተመልሶም አላየም። እሑድ ማንም አውራጅ ሥራ እንደማይወጣ፣ እሑድ ለሚያየው ሰው ጭድ ተራ ራሱ ገዳም እንደሚመስል ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ግን የፈለገውን ካገኘ በኋላ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

አርብ ማታ አሸብር ለስንብት ሲመጣ፣ ጆሮው ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር።

«ስንቶቻችን እንምጣ ነገ?»

«ማንም አይመጣም። ከመርካቶ አንድ ሰው እንዳይከተለኝ።»

«እዚያ ያሉት ቢመጡብህስ?»

«የሉም። አይቻለሁ።»

አሸብር አንገቱን ነቀነቀ፤ አለቅነቱን ተረከበና ሄደ። ጥጋቡ ቀበቶው ላይ ያለውን መንጠቆ ፈታ። በሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለውና ወደ እታለም ዞረ።

«እዚሁ ይቀራል። ራጉኤልን! ከእንግዲህ እጄን በሰው ላይ አላነሳም።»

እታለም አመነችው። ሩሀማም አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች፤ ያመነችው ግን አትመስልም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን አይሱዙ ላይ የጫነው ብቻውን ነው። አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ብረት ምጣዱን፣ ሁሉንም። ከምን አለሽ ተራ የገዙትን የቆርቆሮ ሣጥን ሲያነሳ እታለም ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ድንጋይ ወስዳ ደጅ ወረወረችው። ሩሀማ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋ ጋቢና ገባች። ቦርሳው የከበደ ይመስል ነበር፣ ማን ልብ ብሎት!

ሦስት ዛፍ ሲደርሱ ሻይ ቤቱ ተከፍቷል። ከፊቱ ረጅም አግዳሚ ወጥቷል። አግዳሚው ላይ ስምንት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ መኪናው ሲታጠፍ ስምንቱም አንድ ላይ ተነሱ። ጥጋቡ አነሳሳቸውን ያውቀዋል። ድንጋይ ስፈልግ አግዳሚ ረሳሁ አለ በሆዱ።

አይሱዙው እትዬ አመተ ሥላሴ በር ላይ ቆመ። ጥጋቡ ምናልባት ፈጠን ካልኩ ብሎ ዘሎ ወረደና የቆርቆሮውን ሣጥን አቀፈ። ዞር ሲል ከወጣቶቹ ቀድሞ የደረሰው አንዱ ከፊቱ ቆሟል። ማሙሸት ይባላል፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ላይ የቢላ ጠባሳ ያለበት።

«ብራዘር፣ መልሰህ አስቀምጠው። ይሄ የኛ ሥራ ነው።»

ጥጋቡ ልክፈላችሁና እኔው ላውርድ ሊል ነበር። ይህን አስቦ ነው አፉን የከፈተው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የገዛ ዕቃዬ ነው እኮ።»

ድምፁን ራሱ ሰማው። ጠብ እንዳይነሳ ፈርቶ ፈገግ ማለቱንም ያኔ ነው ያወቀው። ለካ ኢስሐቅም ፈርቶ ነው ፈገግ ያለው። ንቆት አልነበረም።

ማሙሸት ይህን የማሰቢያ ጊዜ አልሰጠውም። በያዘው ዱላ ክንዱን መታው፣ ሣጥኑ ወደቀ፣ ሽሮና በርበሬው አፈሩ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ዱላ ግንባሩን ከፈተውና ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የጥጋቡ እጅ ከሱ ቀድሞ ሄደ፤ ደሙን ሳይጠርግ የማሙሸትን ጉሮሮ አገኘ፣ አነሳው፣ የልጁ እግር አየር ላይ ተንፈራገጠ። ከዚያ መሐላው ትዝ አለው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ማሙሸት እያሳለ ወደቀ፣ ሰባቱ ደግሞ ጥጋቡ ላይ ሰፈሩ።

ሰባት ሰው ሲደበድብ ድምፁ እህል የሚወቃ ይመስላል። ጥጋቡ በጉልበቱ ወደቀ። እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ያዘ፤ ከፊት ቢሆኑ እንደማይታዘዙት ያውቃል። በእርግጫ ጎኑን ሲሉት የጎድን አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ስንጥቅ ሲል ተሰማው። እታለም ኪዱን አቅፋ «ገደሉት! የሰው ያለህ!» ትላለች። እትዬ አመተ ሥላሴ በሩን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሾፌሩ ከመሪው አልተነሳም።

በደሙ መሐል ትንሽ ነጠላ ጫማ መጣና ፊቱ ቆመ።

«አባዬ፣ ይኸው» አለች ሩሀማ። «ረስተኸው ነበር፤ እኔ አምጥቼልሃለሁ።»

መንጠቆው ነው። ከሚስማሩ አውርዳ፣ በደብተሮቿ መሐል ሸጉጣ፣ ከመርካቶ እስከዚህ አቅፋው መጥታለች። በሁለት እጇ ዘርግታለታለች፤ እጀታው ወደ እሱ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ራሷ።

ወጣቶቹ ያንን ብረት ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጥጋቡ ወሰደው። እጀታው መዳፉ ውስጥ ቦታውን ያዘ። ማሙሸት ከፊቱ ተንበርክኮ ጉሮሮውን እያሸ ነው፤ የትከሻው አጥንት ከካናቴራው በላይ ወጥቷል። መንጠቆ የት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚሳብ ጥጋቡ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። አንድ ምት ብቻ በቂ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዛፍ ውስጥ የሚያስቆመው ሰው አይኖርም። ክንዱን አነሳ።

ሩሀማ ቦታ ለቀቀችለት። ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳ፣ ኪዱን ከእናቷ እቅፍ ጎትታ አወረደችውና ከፊቷ አቆመችው፤ ደህና አድርጎ እንዲያይ። ሕፃኑ እጁን በፍርሃት ጨብጧል። አውራ ጣቱን ከውጭ አድርጓል።

ጥጋቡ ክንዱ አየር ላይ ቀረ። መንጠቆውን በሙሉ ጉልበቱ ወረወረው፤ በባሕር ዛፎቹ አናት አልፎ ገደሉ ውስጥ ገባ። ድንጋይ ሲመታ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«አውርዱት» አለ፣ አፉ ደም ሞልቶ። «ሥራው የእናንተ ነው። አውርዱት።»

ማሙሸት ዓይኑን ማመን አቃተው። መሸነፉን ያመነ አንድ ባልደረባው ግን ለመጨረሻ ጊዜ የጥጋቡን ጎን በእርግጫ ደገመለት። ጥጋቡ እጁን አላነሳም።

«ተው በቃ!» አለ ማሙሸት። ወደ ጥጋቡ ጎንበስ አለ። «አውራጅ ነህ እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ሕጉን እያወቅክ?»

ወጣቶቹ አይሱዙው ላይ ወጡና ዕቃውን ማውረድ ጀመሩ። አወራረዳቸው ጥሩ ነው፤ ቁም ሳጥኑን በር እንዳይነካ አዙረው አስገቡት።

ሩሀማ መጥታ ፊቱ ቆመች። የተከፈተ ግንባሩን፣ ያበጠ ዓይኑን፣ ደም የነካውን አፈር ተራ በተራ አየች።

«ተሸነፍክ?»

ጥጋቡ ጭድ ተራ በቆየባቸው አሥራ አራት ዓመታት ይህ ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። ቃሉ ከጎድን አጥንቱ ይልቅ አመመው።

«ተሸነፍኩ» አለ፣ አውራጆቹም እንዲሰሙ ጮክ ብሎ።

«ይዘኸው ነበር እኮ! መምታት ትችል ነበር!»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ እያየሽ ነበር፤ ለዚህ ነው።»

ሩሀማ ፊቷ ተለዋወጠ። ጡጫዋን ጨበጠችና የተሰበረ ጎኑን መታችው። ጥጋቡ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ደገመች። ሠለሰች። ከአራተኛው በኋላ ጡጫው ላላ፣ መዳፍ ሆነ፣ ሸሚዙን ጨመደደ። ከዚያ ልጅቷ ፊቷን ደረቱ ላይ ደፍታ፣ ከማክሰኞው ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ አንድ ላይ፣ ትከሻዋ እየተንሰፈሰፈ አለቀሰች።

እታለም ልታነሳት ስትጎነበስ ጥጋቡ በደም በተነከረ እጁ ከለከላት።

«ተያት» አለ። «ታልቅስ።»